እህልን በቤት አኑሮ ስለ መጠበቅ

ገበሬ በክረምት ዘርቶና አርሞ፥ በኅዳር አጭዶ፥ በታኅሣሥና በጥር ወቅቶ እህሉን ወደ ቤቱ ባገባ ጊዜ ድካሙ የተፈጸመ ይመስለዋል። ነገር ግን ያ እህል እስከሚመጣው መኸር ድረስ ቤተ ሰቡን ሊቀልብ ይገባዋል። በነዚያ ወራት ነቀዝ፥ አይጥና ሻጋታ ሳይዘሩና ሳያርሙ ተካፋዮች ይሆናሉ። ነቀዝን የፈራ ሰውም «ሳይበላሽብኝ» ብሎ እህሉን በጥር በርካሽ ይሸጣል፤ በነሐሴ ግን ያንኑ እህል ለልጆቹ ቀለብ በውድ ዋጋ ይገዛል። እንግዲህ እህልን አኑሮ የመጠበቅ ዕውቀት ከማረስ ዕውቀት የሚያንስ አይደለም።

አባቶቻችን ለዚህ ሥራ ልዩ ልዩ ዕቃ አበጅተዋል። ጎተራ ከእንጨት ተማግሮ በጭቃና በእበት ይለሰናል፤ ሣር ተከድኖም በደጅ ይቆማል። ጎታ ከጭቃ፥ ከጭድና ከእበት ተሠርቶ በቤት ውስጥ ይቀመጣል። በሐረርጌና በሌላም አገር ማሽላን በጉድጓድ ያኖራሉ። የጉድጓዱ አፍ በሚገባ ሲደፈን አየር ስለሚያጥር ተባዩ ይሞታል፤ ነገር ግን የመሬቱ እርጥበት ከገባ በዳር ያለው እህል ይሻግታል። ስለዚህ ዕቃው ብቻውን እህልን አያድንም፤ የባለቤቱ ጥንቃቄ ይጨመርበታል።

ብዙ ሰው ነቀዝ ከጎተራው የሚፈጠር ይመስለዋል፤ እንዲህ ግን አይደለም። እንስቲቱ ነቀዝ የበቆሎውን ወይም የማሽላውን ፍሬ በስታ አንድ ዕንቁላል ከጣለችበት በኋላ ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ትሉም የፍሬውን ውስጥ እየበላ ያድግና በሞቃት አገር በ5 ሳምንት ያህል ነቀዝ ሆኖ ይወጣል። ይህም ብዙ ጊዜ የሚጀመረው እህሉ ገና በማሳ ላይ ሳለ ነው። ስለዚህ ንጹሕ መስሎ የገባው እህል ቆይቶ ቢነቅዝ አያስደንቅም። ጤፍ ግን ፍሬው ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ አያድግበትም።

እንግዲህ የሚደረገው ሥራ ይህ ነው፤

1ኛ፤ ማድረቅ። እህሉን በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሰሌን ወይም በሸራ ላይ ማስጣት፥ ደጋግሞም ማገላበጥ ይገባል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ እህል በውስጡ ያለው ውሃ ከመቶ 13 እጅ መብለጥ የለበትም። ለመፈተንም በደረቀ ጠርሙስ ሲሶውን እህል ጨምሮ፥ 2 ማንኪያ የደረቀ የተፈጨ ጨው አክሎ፥ ከድኖ ጥቂት ደቂቃ መነቅነቅና ማሳረፍ ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው። ካልተጣበቀ ውሃው ከመቶ 15 እጅ በታች ወርዷል፤ ቢሆንም አንድ ሁለት ቀን ደግሞ ማስጣት ይሻላል። ፀሐይ ያሞቀው እህል ሳይበርድ አይከተትም።

2ኛ፤ ማጽዳት። አዲስ እህል ከመግባቱ አስቀድሞ አሮጌው ወጥቶ ጎተራው ይጠረጋል፤ ስንጥቁም ይለሰናል። አሮጌውን ከአዲሱ መቀላቀል ነቀዝን በገዛ እጅ ማስገባት ነው።

3ኛ፤ ከመሬት ከፍ ማድረግ። የጎተራው እግሮች ከፍ ይበሉ፤ አይጥም እንዳይወጣ በየእግሩ ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ቆርቆሮ ይደረግ። ጆንያ ከግድግዳ ርቆ በርብራብ ላይ ይቀመጥ።

4ኛ፤ አየር መከልከል። ዛሬ በውስጡ ሁለት የላስቲክ ከረጢት ያለበት ሦስት ድርብ ጆንያ ይገኛል። በሚገባ ታስሮ ከተዘጋ ነቀዙ አየር አጥቶ ያለ መድኃኒት ይሞታል። ነገር ግን ቶሎ ቶሎ መክፈት ጥቅሙን ያጠፋል፤ እርጥብ እህልም ቢከተትበት ይሻግታል።

5ኛ፤ መጎብኘት። ጎተራውን በየ15 ቀኑ ማየት፥ እጅን አግብቶም ሙቀቱን መዳሰስ መልካም ነው፤ የሞቀ እህል መበላሸት ጀምሯልና።

ሁለት ነገር ደግሞ በብርቱ ልናስጠነቅቅ ይገባል። የሻገተ እህል አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህም መርዝ ቢቀቅሉትም ቢጋግሩትም አይጠፋም። ለከብትም አይሰጥ፤ ላም የበላችውን በወተቷ ታሳልፈዋለችና። ሁለተኛም አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው የነቀዝ እንክብል ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በግድግዳና በወለል ስንጥቅ ስለሚያልፍ ሰው ወይም ከብት በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ አይደረግ። የግብርና ባለሙያን ሳይጠይቁ መጠቀምም ሆነ ልጆች በሚደርሱበት ማስቀመጥ በሕይወት መቀለድ ነው።

መምህሩ የጨውን ሙከራ በተማሪዎቹ ፊት ቢያደርግ፥ ሽማግሌዎችም በአገራቸው የሚሠራበትን የጎተራ አሠራር ቢያስረዱ፥ የአባቶች ልማድና የዛሬው ዕውቀት ይረዳዳሉ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ነቀዝን ከታየ በኋላ ከማሳደድ አስቀድሞ መግቢያውን መዝጋት ይበልጣል።

ጥያቄ።
1. ንጹሕ መስሎ የገባ እህል ስለ ምን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይነቅዛል?
2. ጤፍ ስለ ምን አይነቅዝም?
3. እህል መድረቁ በጨው እንዴት ይታወቃል?
4. በቤታችሁ ያለው ጎተራ ወይም ጎታ ምን ጉድለት አለበት? እንዴትስ ይታረማል?