የካቲት 12 ሲደርስ አክስትሽን ጠይቂ

እህትዬ፣ ዘንድሮ የስድስት ኪሎውን ሐውልት ፎቶ ለጥፈሽ፣ ሥሩ ሻማ ደርድረሽ፣ «አንረሳም» ብለሽ እንዳትቀመጪ። መለጠፉን ለጥፊ፣ አልከለክልሽም። ግን በዚያው ሳምንት ከቤታችሁ ታላቅ ሰው አጠገብ፣ አክስትሽም ትሁን አያትሽ፣ ቁጭ ብለሽ ጠይቂያት። በ1929 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን እንኳ ዛሬ ዘጠና ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። በዓይናቸው ያዩት አብዛኞቹ ሄደዋል ማለት ነው። የቀሩት ካዩት አፍ የሰሙት ናቸው፤ እነሱንም ቢሆን ብዙ ዓመት አናገኛቸውም።

ባዶሽን አትሂጂ ታዲያ። ስኳርና ቡናውን ታውቂበታለሽ፣ እኔ የምለው ጭንቅላትሽን ነው። የሆነውን መጀመሪያ በደንብ እወቂ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። የጣልያን እንደራሴው ግራዚያኒ የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ልጅ ወለደ ብሎ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሰው ሰብስቧል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ ለሦስት ቀን ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሺስቶች በአካፋ፣ በዱላ፣ በጩቤና በጥይት ያገኙትን ፈጁ፣ የሣር ክዳን ጎጆዎችን ሰው እንዳለባቸው ቤንዚን እያርከፈከፉ አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት በአዲስ አበባ የሞቱትን 30,000 ብሏል፤ ታሪክ አጥኚው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ይገምታል። እልቂቱም በሦስቱ ቀን አላበቃም። በግንቦት የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በዓል ሲከበር ደብረ ሊባኖስ ገዳምን ከበው መነኮሳቱንና ለበዓሉ የመጣውን ምእመን ወስደው ረሸኑ። ይህን ይዘሽ ከሄድሽ አክስትሽ ታሪክ ልታስተምርሽ አትደክምም፤ በቀጥታ ወደ ቤታችሁ ጉዳይ ትገባላችሁ።

አጠያየቅሽን አሳምሪ። «እስቲ ስለ ጦርነቱ ንገሪኝ» ካልሻት «ምን እነግርሻለሁ ልጄ፣ ክፉ ዘመን ነበር» ብላ ትዘጋዋለች፣ እውነቷንም ነው። ትንንሹን ጠይቂያት፦ ያኔ ሰፈራችሁ የት ነበር? ቤቱ ሣር ነው ቆርቆሮ? የዚያን ሌሊት የት አደርን ብለው ነገሩሽ? ማን በሩን ከፈተላቸው? እናትሽ ማንን አዝላ ነበር? ምን በሉ? ጥይቱን ከመስማታቸው በፊት ምን እየሠሩ ነበር? የኔ አያት ስለ ፖለቲካው አንድም ቃል አውርታን አታውቅም፤ ስለ ጭሱ ሽታና ስለ ውሻው ጩኸት ግን የጠየቃት ልጅ ካለ እስኪመሽ ትነግረው ነበር።

ቀን ስታጣሪም በፈረንጅ አቆጣጠር አታስጨንቂያት። ትልልቆቹ የሚያስታውሱት በታቦትና በወንጌላዊ ነው። የካቲት 12 ሚካኤል ነው፣ ዘመኑም ማቴዎስ ነበር። «ከሚካኤል በፊት ነው በኋላ?»፣ «ጾም ገብቶ ነበር?»፣ «ጣልያን በገባ በስንተኛው ክረምት?» በያት፤ መልሱ ቶሎ ይመጣልሻል። የሰውን ስም ስትጽፊ የክርስትና ስሙንም የዓለም ስሙንም ያዢ፣ የፈረስ ስም ካለው እሱንም። አንዱ አያት በሦስት ስም ይጠራና በኋላ ሦስት ሰው ይሆንብሻል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፣ የኔ ቆንጆ፣ ደህና አድርገሽ ስሚኝ። ጀግና ፍለጋ አትሂጂ። ሁሉም ሰው አያቱ ከራስ አበበ አረጋይ ወይም ከበላይ ዘለቀ ጋር እንዲዘምትለት ይፈልጋል። አርበኛ ካላችሁ እሰየው፣ የአርበኞች ቀን ሚያዝያ 27 አለላችሁ፤ ያን ቀን ሽለላውንም ፉከራውንም እንካፈላለን። የካቲት 12 ግን መዋጋት ያልቻሉት ሰዎች ቀን ነው። ምጽዋት ሊቀበል ወጥቶ ያልተመለሰ ሽማግሌ፣ ገበያ የነበረች ሴት፣ ጎጆዋ ውስጥ የተቃጠለች አራስ፣ ከጎረቤት አጥር ሥር ሦስት ቀን ያለ ውኃ የተደበቀ ልጅ ቀን ነው። ያንቺ ቅድመ አያት አንድም ጥይት ሳይተኩስ ሁለት ልጆች ይዞ ወደ እንጦጦ ከሸሸ፣ እሱን ጻፊ። በሕይወት ስለተረፈ ነው አንቺ ዛሬ ብዕር የያዝሽው። አትጨምሪበት፣ አታሳምሪው። ሰይፍ ያልያዘውን ሰይፍ አታስይዢው፤ ይህን ካደረግሽ እውነተኛውን ሰውዬ ሁለተኛ ጊዜ ቀበርሽው።

የሴቶቹን ነገር ለብቻ አንሺ። ስለ ወንዶቹ ሳትጠይቂም ይነግሩሻል። ስንቅ ያቀበለችው፣ ደብዳቤ በነጠላ ጫፍ ቋጥራ ያሳለፈችው፣ ባሏ በዳናኔ ወይም በኖክራ የጣልያን እስር ቤት ታስሮ ልጆቹን ያሳደገችው ማን ነበረች? ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች መሣሪያና ወሬ ታቀብል ነበር፣ በኋላ ጣልያኖቹ ወደ አዚናራ ደሴት በግዞት ወስደዋታል። እሷን ታሪክ መዝግቧታል። ስማቸው በየጓዳው የቀረ ሌሎች አሉ፣ አንዷ ምናልባት የናንተዋ ናት።

ሌላው ነገር ያስፈራል፣ ግን አንቺ አስተዋይ ነሽ። በመሀል አንዱ ዘመድ «ባንዳ ነበር» ሊባል ይችላል። አትደንግጪ፣ አትደብቂ፣ ደግሞ በቡናው መሀል ለፍርድ አትቁሚ። የውስጥ አርበኛ የሚባሉት ጣልያን ቢሮ እየሠሩ ለጫካው መረጃ የሚያወጡ ነበሩ፤ ከውጭ ላየው ከባንዳው አይለዩም። አንዳንዱም በእውነት ባንዳ ነበር። ማን እንዳለ፣ ከማን እንደሰማ ጽፈሽ አቆዪው። ሁለት ሰው ሁለት ነገር ካለ ሁለቱንም ጻፊ፣ ለማስታረቅ አትቸኩዪ።

ዕቃም ጠይቂ። ሣጥን ይከፈት። ብዙ ቤት የልደትና የሞት ቀን በዳዊቱ ባዶ ገጽ ላይ ተጽፏል። ፎቶ ካገኘሽ ጀርባውንም ፎቶ አንሺው፣ ጽሑፉ ያለው እዚያ ነው። የተቀደደውን ፎቶ በፕላስተር እንዳታጣብቂ፣ የአርበኝነት ሜዳዩንም በሎሚ እንዳታሺው፣ ተይው እንዳለ። አርበኛ ዘመድ ካለ የታደሰ ዘወልዴን «ቀሪን ገረመው» አገላብጪ፣ የአርበኞች ማኅበርም ሄደሽ ጠይቂ።

ስልክሽን ከማብራትሽ በፊት «ልቅረጽሽ?» በያት። እንቢ ካለች በደብተር። ማልቀስ ከጀመረች ጥያቄ አቁሚ፣ እጇን ያዢ፣ ሌላ ቀን ትመለሻለሽ። በተለይ «የት ተቀበሩ?» የሚለውን በቀስታ። የብዙዎቹ መቃብር አይታወቅም፣ ተዝካራቸውም በወጉ አልወጣም፤ ይህ ቁስል ዛሬም አልደረቀም። የነገረችሽን ደግሞ ሳታስፈቅጂ ቲክቶክ ላይ ብታወጪ እኔ ራሴ እጣላሻለሁ።

ውጭ አገር ያለሽው እህቴ፣ ለአንቺም ነው። የካቲት 12 በፈረንጁ አብዛኛውን ጊዜ ፌብሩዋሪ 19 ይውላል፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ግን 20 ነው፤ አትሳሳቺ። ዋሽንግተን ሆነሽ ማታ ስትደውዪ እዚህ እንቅልፍ ላይ ናቸው፣ በጠዋትሽ ደውዪ። ከጎኗ የሚቀመጥ፣ ስልኩን የሚይዝላት የወንድም ልጅም አዘጋጂ፣ በጆሮዋ ብቻ አትሰማሽም።

በበዓሉ ቀን ከተመቸሽ እሷንም ይዘሻት ስድስት ኪሎ ውጪ። የአበባ ጉንጉኑ ከተቀመጠ በኋላ፣ ሕዝቡ ሲበተን፣ በሐውልቱ ዙሪያ የተቀረጹትን ምስሎች አሳያት። ብዙ ሰው ሳያያቸው ነው የሚያልፈው። ከዚያ ተሻግራችሁ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ግቡ። ቦምቡ የተወረወረበት ቤተ መንግሥት ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ደረጃው ፊት ስትቆም ምናልባት ቤት ውስጥ ያልነገረችሽን ትነግርሻለች። እግሯ ካልቻለ ግን አታስገድጂያት፣ ቤቷ ይበቃል።

የካቲት 12 ሥራ የሚዘጋበት ቀን አይደለም፣ ይህን ሰበብ እንዳታቀርቢልኝ። ከሥራ መልስ ሂጂ፣ ካልሆነ የዚያን እሑድ። የጻፍሽውን ቀን አስገቢበት፣ የነገረሽን ሰው ስም አስገቢበት፣ ለታናሽ ወንድምሽም አንድ ግልባጭ ስጪው። አሁን ደውዪና ቀጠሮ ያዢ። ከምሳ በኋላ ጋደም ትላለች፣ ከዚያ በፊት አድርጊው።