ቆሽት ከብግነት በኋላ ራሱን እንዴት ይጠግናል?

«ቆሽቴ አረረ» የሚለውን አነጋገር ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። አባባሉ የሚነገረው የብስጭትን ብዛት ለመግለጽ ቢሆንም፣ ቆሽት በእርግጥም የሚያርርበት፣ ያውም ራሱ ባመነጨው ፈሳሽ የሚያርርበት ጊዜ አለ። ይህ ሕመም የቆሽት ብግነት ይባላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው ግን በቃጠሎው ላይ ሳይሆን ከቃጠሎው በኋላ በሚከናወነው ጥገና ላይ ነው።

ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ ተጋድሞ የሚገኝ ዕጢ ነው። ኢንሱሊንን የመሳሰሉ ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቅቃል፤ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ደግሞ በቱቦ አድርጎ ወደ ትንሹ አንጀት ይልካል። አብዛኛው ክፍሉ ኢንዛይም አምራች በሆኑት፣ አሲናር በሚባሉት ሕዋሳት የተሞላ ነው። ፕሮቲን ቆራጮቹ ኢንዛይሞች አምራቻቸውን እንዳይበሉ በቦዘነ መልክ ይሠሩና አንጀት ሲደርሱ ይነቃሉ። የሐሞት ጠጠር ቱቦውን ሲዘጋ ወይም አልኮል ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲጠጣ ግን ይህ ሥርዓት ሊፋለስ ይችላል፤ ትሪፕሲን የተባለው ኢንዛይም እዚያው በሕዋሱ ውስጥ ይነቃል። ቆሽት ራሱን በራሱ ይፈጫል የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1896 ያቀረበው ኦስትሪያዊው የፓቶሎጂ ሊቅ ሐንስ ኪያሪ ነበር።

ጥገናውን በሰው ላይ ቀን በቀን መከታተል አዳጋች በመሆኑ ተመራማሪዎች አይጦችን ይጠቀማሉ። ሴሩሊን የተባለውን፣ መጀመሪያ ከአንድ የአውስትራሊያ እንቁራሪት ቆዳ የተገኘውን ንጥረ ነገር ከልክ አሳልፈው ሲወጓቸው ቆሽታቸው ይቆጣል። መርፌው ሲቆም ግን በአንድ ሳምንት ገደማ አብዛኛው ጉዳት ይሽራል። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ምን ተከናወነ?

በመጀመሪያ ማክሮፋጅ የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የሞቱትን ሕዋሳት ፍርስራሽ ይጠርጋሉ። እነርሱና የተጎዱት ሕዋሳት የዕድገት ፋክተሮችን ይለቅቃሉ። የዕድገት ፋክተር አንድ ሕዋስ ለጎረቤቱ የሚልከው የፕሮቲን መልእክት ነው ማለት እንችላለን፤ መልእክቱም ከተቀባዩ ሕዋስ ገጽ ላይ ካለ ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ «ተከፋፈል»፣ «ተንቀሳቀስ» ወይም «ይህን ሥራ» የሚል ትእዛዝ ይሆናል። ስታንሊ ኮኸን እና ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት እነዚህን መልእክቶች በማግኘታቸው ነው። ኮኸን ያገኘው ኢ.ጂ.ኤፍ. እና ዘመዶቹ በቆሽት ጥገናም ድርሻ አላቸው። ከጉዳቱ የተረፉት አሲናር ሕዋሳት ኢንዛይም ማምረታቸውን ቀንሰው ለጊዜው የቱቦ ሕዋሳትን መምሰል ይጀምራሉ፤ ከዚያ ይባዛሉ፤ በመጨረሻም ወደ ቀድሞ ሙያቸው ይመለሳሉ።

በዚያው ወቅት ቲ.ጂ.ኤፍ. ቤታ የተባለው ፋክተር ኮከብ መሰል ሕዋሳትን ይቀሰቅሳል። እነዚህን ሕዋሳት ሁለት የምርምር ቡድኖች እ.ኤ.አ. በ1998 ከቆሽት ለይተው በማውጣት አጥንተዋቸዋል። በሰላሙ ጊዜ ቫይታሚን ኤ ያዘሉ የቅባት ጠብታዎችን ታቅፈው ይቀመጣሉ፤ ሲቀሰቀሱ ጠብታዎቹን ያጡና ኮላጅን የተባለውን ጠንካራ ክር ማምረት ይጀምራሉ። ክሩ የተጎዳውን ስፍራ ደግፎ ይይዛል።

እዚህ ላይ ፎቅ ሲሠራ ዙሪያውን የሚቆመውን የባሕር ዛፍ መወጣጫ እናስታውስ። ያለ እርሱ ግንበኛው ከፍ ማለት አይችልም፤ ሥራው አልቆ ካልተነሣ ደግሞ መስኮት አይከፈትም። በቆሽትም ኮላጅን ቆራጭ ኢንዛይሞች ጊዜያዊውን ክር ይበጣጥሱታል፤ ኮከብ መሰል ሕዋሳትም ከፊሎቹ ይሞታሉ፣ ከፊሎቹ ወደ ዝምታቸው ይመለሳሉ። በእኛ አስተያየት ከግንባታው ይልቅ ይህ የማፍረስ ሥራ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል።

ብግነቱ እየተመላለሰ ሲመጣ መወጣጫው ሳይነሣ ሌላ ይደረብበታል። ኮከብ መሰል ሕዋሳቱ ራሳቸው ቲ.ጂ.ኤፍ. ቤታ ስለሚያመርቱ ትእዛዙን ለራሳቸው እየደጋገሙ ይኖራሉ፤ የአሲናር ሕዋሳት ስፍራም በጠባሳ ይወረሳል። ያን ጊዜ ቅባት ሳይፈጭ ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ኢንሱሊን አምራቾቹም ሲመናመኑ የስኳር በሽታ ይከተላል። ከዚህ የከፋም አለ። የቱቦ ሕዋስ መስሎ የቆየ አሲናር ሕዋስ ኬራስ በተባለው ጂን ላይ ለውጥ ከደረሰበት ወደ ሙያው መመለስ ሊሳነው ይችላል፤ ከተለመደው የቆሽት ካንሰር ከ90 በመቶ በላይ በሚሆነው ላይ የሚገኘውም ይኸው የኬራስ ለውጥ ነው።

«ታዲያ የዕድገት ፋክተሩን በመርፌ ብንሰጥስ?» የሚል ተማሪ ይኖራል። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን «ተባዛ» የሚለው ትእዛዝ ጤነኛውን ሕዋስ ከተበላሸው አይለይም። ቲ.ጂ.ኤፍ. ቤታን ማገድም ቀላል አይደለም፤ ጠባሳ የሚያበዛው ይኸው ፋክተር በሌላ በኩል ብግነትን የሚያበርድ፣ የብዙ ሕዋሳትንም መባዛት የሚገታ ነውና።

ስለዚህ እስከ ዛሬ የሐኪሞች ጥረት በአብዛኛው ቃጠሎው እንዳይደገም መከላከል ነው። ሕመምተኛው አልኮልና ሲጋራ እንዲተው ይመከራል። መንሥኤው የሐሞት ጠጠር ከሆነም፣ ሕመሙ ቀላል ለነበረው ሰው የሐሞት ከረጢቱን ከሆስፒታል ሳይወጣ በቀዶ ጥገና ማውጣት ይመረጣል። ሕመሙ ለቀቀኝ ያለ ሰው «አሁን ደግሞ ስለ ምን?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ በከረጢቱ ውስጥ የቀሩት ጠጠሮች ናቸው፤ አንዱ ወርዶ ቱቦውን ዳግመኛ ቢዘጋ ጥገናውን ያልጨረሰው ቆሽት እንደገና ያርራል።