የቤታችን የአየር ቱቦ ይጸዳ ወይስ ይቀየር?

ልጅዎ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል፤ ጠዋት ሲነሳ አፍንጫው ይዘጋል፣ ዓይኑም ይቀላል። በዚያው ሰሞን “የቤትዎን የአየር ቱቦ በሙሉ በ99 ዶላር እናጸዳለን” የሚል ወረቀት በራፍዎ ላይ ያገኛሉ። ለልጅዎ ሲሉ ይደውላሉ። ሠራተኛው መጥቶ ጥቂት ካየ በኋላ “ይህማ አይጸዳም፤ ሁሉም መቀየር አለበት” ብሎ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይጠይቅዎታል። እሺ ይላሉ ወይስ ያሰናብቱታል?

አገር ቤት መስኮት ከፍቶ ቤቱን ለሚያናፍስ ሰው ይህ ጥያቄ እንግዳ ነው። በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ግን የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። በዛሬው ዝግጅታችን መልሱን ራስዎ እንዴት መለየት እንደሚችሉ እንመለከታለን።

ተጣጣፊ ቱቦ ምን ዓይነት ነው?

በብዙ የአሜሪካ ቤቶች ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው አየሩን ወደየክፍሉ የሚልኩት በጣሪያ ወይም በወለል ሥር በተዘረጉ ቱቦዎች ነው። አንዳንዱ ቱቦ ጠንካራ ቆርቆሮ ሲሆን፣ ሌላው እንደ እባብ የሚተጣጠፍ ነው። ተጣጣፊው ሦስት ንብርብር አለው። የውስጡ በተጠማዘዘ ሽቦ የተያዘ ስስ ፕላስቲክ ነው። መካከለኛው ሙቀትና ቅዝቃዜን የሚጠብቅ የፋይበር ግላስ ሽፋን ነው። የላይኛው ደግሞ እርጥበት እንዳይገባ የሚከላከል ልባስ ነው። ቆርቆሮ ብሩሽን ይችላል፤ ይህ ስስ ፕላስቲክ ግን በኃይል ሲፈገፈግ ይቀደዳል። ስለዚህ “ይጸዳ ወይስ ይቀየር?” የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ተጣጣፊውን ቱቦ ይመለከታል።

አቧራ ብቻውን ምክንያት አይሆንም

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው፣ ቱቦ ማጽዳት በሽታን እንደሚከላከል በማያሻማ መንገድ አልተረጋገጠም። በቱቦ ውስጥ ያለው አቧራ አብዛኛው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የሚቀር እንጂ የግድ ወደ ክፍሉ የሚገባ አይደለም። አየር በሚመለስበት ቀዳዳ ክዳን ላይ አቧራ መከማቸቱም የተለመደ ነው፤ ክዳኑን ፈትቶ ማጠብ ይበቃል። ኤጀንሲው ቱቦዎች በየጊዜው በልማድ እንዲጸዱ ሳይሆን፣ ሲያስፈልግ ብቻ እንዲጸዱ ነው የሚመክረው።

ማጽዳት የሚበቃው መቼ ነው?

ቱቦው ደረቅ፣ ያልተቀደደና በደንብ የተወጠረ ሆኖ ሳለ አቧራው አየር እስኪዘጋ ከተከማቸ፣ ወይም ቤቱ ሲታደስ የግንባታ ብናኝ ገብቶበት ከሆነ ማጽዳት ይበቃል። ትክክለኛው አሠራር ቱቦውን ከትልቅ መምጠጫ ማሽን ጋር አገናኝቶ፣ ቆሻሻውን በለስላሳ ብሩሽ እያላቀቁ ማውጣት ነው። የማሽኑ ማራገቢያ፣ የማቀዝቀዣው ጥቅልልና የውሃ ማጠራቀሚያው ሳይጸዱ ቱቦው ብቻ ቢጸዳ ቆሻሻው ተመልሶ ይገባል። ኤጀንሲው እንደሚገልጸው ለአንድ ሙሉ ሲስተም የሚጠየቀው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከ450 እስከ 1,000 ዶላር ነው። በ99 ዶላር ይህ ሁሉ ይሠራል ብሎ ማመን ያስቸግራል።

መቀየር ግድ የሚሆነው መቼ ነው?

1. የፋይበር ግላሱ ሽፋን ከረጠበ ወይም ከሻገተ። እንዲህ ያለው ሽፋን በአግባቡ ሊጸዳ ስለማይችል ወጥቶ መጣል አለበት።
2. አይጥ ገብታ ከቀደደችው፣ ከጎጆች ወይም ከሸናችበት።
3. የውስጡ ፕላስቲክ ከተቀደደ ወይም በእርጅና ከተሰነጣጠቀ። በተለይ አየር ወደ ማሽኑ የሚመልሰው ቱቦ ከተቀደደ የጣሪያውን አቧራ እየሳበ ወደ መኝታ ቤት ያስገባል።
4. ተጨፍልቆ ወይም ተጣጥፎ አየር ማሳለፍ ካቃተው።

የተበላሸው አንድ ቱቦ ከሆነ ያንኑ ብቻ መቀየር ይቻላል። መገጣጠሚያው ብቻ ከላላ ደግሞ እንደገና ማሰርና ማሸግ ሊበቃ ይችላል።

ራስዎ እንዴት ይመረምራሉ?

ማሽኑን አጥፍተው የአየር መውጫውን ክዳን ይፍቱ። በባትሪ መብራት ይመልከቱ፣ በስልክዎም ፎቶ ያንሱ። የሻጋታ ሽታ አለ? ግድግዳው እርጥብ ነው? ሠራተኛው “ሻጋታ ነው” ካለዎት የት እንዳለ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ጥቁር ነገር ሁሉ ሻጋታ አይደለም። ናሙናውን በግልጽ ፕላስተር አንስተው ቢልኩላቸው 50 ዶላር ገደማ አስከፍለው የሚለዩ ላቦራቶሪዎች አሉ። ሻጋታውን “በኬሚካል እንገድለዋለን” ቢሉዎትም አይቸኩሉ፤ የረጠበ ፋይበር ግላስ በመርጨት አይድንም።

ከሁሉ በፊት ምንጩን

ሻጋታ ያለ ውሃ አያድግም። ጣሪያው እያፈሰሰ ወይም የማቀዝቀዣው ውሃ መውረጃ ተደፍኖ ሳለ አዲስ ቱቦ ቢያስገቡ እሱም ይሻግታል። ስለዚህ መጀመሪያ ፍሳሹ ይጠገን። የረጠበ ዕቃ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይድረቅ። የቤቱም እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ ይሁን። የአየር ማጣሪያውን በአምራቹ መመሪያ መሠረት በወቅቱ ይቀይሩ። አዲሱ ቱቦ ሲዘረጋም ተወጥሮ፣ ቢበዛ በየ5 ጫማው ተደግፎ መሆኑን ይዩ፤ የረገበ ቱቦ አየር ያዳክማል።

ተከራይ ከሆኑ ቱቦውን ራስዎ አያስቀይሩ። ያዩትን በፎቶ አስደግፈው ለአከራይዎ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ቅጂውንም ያስቀምጡ። የቤቱ ባለቤት ከሆኑ ቢያንስ ከሁለት ባለሙያዎች የማጽዳቱንም የመቀየሩንም ዋጋ በጽሑፍ ይቀበሉ።

በመጨረሻም ልጅዎ አስም ካለበት የቱቦው ሥራ ሐኪሙን አይተካም። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ሳሉ መቼና የትኛው ክፍል ውስጥ እንደሚብስ መዝግበው ለሐኪሙ ይንገሩ። የደረቀና ጤነኛ ቱቦ ካለዎት ገንዘብዎን ይቆጥቡ፤ የረጠበ፣ የሻገተ ወይም የተቀደደ ከሆነ ግን በማጽዳት አይታለሉ፣ ይቀይሩት።