ሒሳብን በመጻፍ ስለ መማር

የሒሳብ ደብተር ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ የሚመጣው በቁጥርና በምልክት የተሞላ ገጽ ነው። ሙሉ ዐረፍተ ነገር የሚጻፈው በታሪክና በቋንቋ ደብተር ነው ብለን ለምደናል። ነገር ግን ሒሳብ የማሰብ ትምህርት ከሆነ፣ አሳቡን ዘርዝሮ መጻፍ ከትምህርቱ ውጭ ሊሆን አይገባውም። ተማሪ ከመልሱ ጋር ምክንያቱን በራሱ ቃል እንዲጽፍ ቢደረግ፣ ያወቀውና ያወቀ የመሰለው ነገር ይለያል ብለን እናምናለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የሀንጋሪ ተወላጅ የሆነው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖልያ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥያቄ የሚፈታ ሰው በመጀመሪያ ጥያቄውን እንዲረዳ፣ ቀጥሎ ዘዴ እንዲያወጣ፣ ከዚያም ዘዴውን እንዲፈጽም፣ በመጨረሻም ተመልሶ ሥራውን እንዲመረምር መክሯል። ከእነዚህ ከአራቱ በእኛ ደብተር ላይ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ሦስተኛው ብቻ ነው። የአሜሪካ የሒሳብ መምህራን ብሔራዊ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ፣ የሒሳብን አሳብ በቃልና በጽሑፍ መግለጽን ከትምህርቱ ዓላማዎች አንዱ አድርጎታል።

ምሳሌውን ከሰንበቴ እንውሰድ። ሰንበቴ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በእሑድ ገበያዋ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛሉ። እንግዲህ አንድ ነጋዴ 5000 ብር በሚያወጣ ፍየል ላይ 20 ከመቶ ጨመረ እንበል። ገዢ ሲጠፋ ደግሞ ከአዲሱ ዋጋ 20 ከመቶ ቀነሰ። የፍየሉ ዋጋ አሁን ስንት ነው?

ፈጥኖ የሚመልስ ተማሪ 5000 ይላል። መምህሩ መልሱን ሰርዞ 4800 ብሎ ቢጽፍለት፣ ተማሪው ይገለብጠዋል እንጂ አይማርበትም። «ምክንያትህን ጻፍ» ቢባል ግን «ሃያ ተጨመረ፤ ሃያ ተቀነሰ፤ ስለዚህ ወደ ቦታው ተመለሰ» ብሎ ይጽፋል። ስሕተቱ ከነሥሩ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው፤ ሃያ ከመቶን እንደ ቋሚ ገንዘብ ቈጥሮታል። «የምኑ ሃያ ከመቶ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «የመጀመሪያው የ5000 ስለ ሆነ 1000 ብር ነው፤ ሁለተኛው የ6000 ስለ ሆነ 1200 ብር ነው፤ ልዩነቱ 200 ነው» ለማለት ይበቃል።

ከዚህም ሌላ ጥያቄ ይወለዳል። አስቀድሞ ተቀንሶ በኋላ ቢጨመርስ? 5000 ወደ 4000 ወርዶ እንደገና 4800 ይሆናል። ምክንያቱን የሚጽፍ ተማሪ፣ ዋጋው በ1.2 እና በ0.8 እንደ ተባዛ፣ የማባዛት ቅደም ተከተልም ውጤቱን እንደማይለውጥ ራሱ ይደርስበታል። ከ6000 ወደ 5000 ለመመለስ መቀነስ ያለበት አንድ ስድስተኛው እንደ ሆነም ያስተውላል።

የቋንቋው ጉዳይ ደግሞ ከባድ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ አደረገ። ስለዚህ በሰንበቴ ሒሳብን በአፋን ኦሮሞ የጀመረ ልጅ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ የሚያውቀውን ነገር ሁሉ በሌላ ስም ያገኘዋል። በገበያ የብሩን መልስ በቃሉ የሚያሰላው ልጅ በክፍል ውስጥ ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ አለማወቅ ይቈጠርበታል። ይባስ ብሎም «ለሒሳብ አልተፈጠርሁም» ብሎ ራሱን ያሳምናል። በዚህ መንገድ ስንት አእምሮ እንደሚባክን እናስብ! እንዲህ ያለው ተማሪ ምክንያቱን በመጀመሪያ በሚያስብበት ቋንቋ ጽፎ፣ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሰው፣ የጐደለው ሒሳቡ ይሁን ቋንቋው ለመምህሩም ለራሱም ይታወቃል።

ሥራው በሚከተለው መንገድ ሊጀመር ይችላል።

1ኛ/ በትምህርቱ መጨረሻ አምስት ደቂቃ ወስዶ፣ የገባንንና ያልገባንን ነገር በሁለት በሦስት ዐረፍተ ነገር መጻፍ፤

2ኛ/ አንድን የተፈታ ጥያቄ ትምህርቱን ላልሰማ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት በደብዳቤ ማስረዳት፤

3ኛ/ ስሕተት ያለበትን አሠራር ተቀብሎ፣ የተሳሳተው የት ላይና ለምን እንደ ሆነ መጻፍ፤

4ኛ/ ከገበያ ወይም ከእርሻ አዲስ ጥያቄ ፈጥሮ ለጓደኛ መስጠት።

«ሒሳብ በወሬ አይሠራም» የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ጽሑፍ መልመጃን አይተካም፤ ብዙ ጥያቄ ያልሠራ ሰው የሚጽፈውም አያገኝም። የተማሪው ቍጥር ስለሚበዛ ሁሉንም ማረም አይቻልም የሚለውም ተገቢ ነው። ነገር ግን መምህሩ በየጊዜው ዐሥር ደብተር ብቻ መርጦ ቢያነብ፣ ክፍሉ የሚሰናከልበትን ቦታ ለማወቅ ይረዳዋል። የሆሄ ግድፈት አይታረም፤ ነጥብም አይሰጥበት፤ ተማሪው ሳይፈራ እንዲጽፍ ይተው።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ በመጀመሪያ በራሳችን እንሞክረው። «ስድስትን ለዜሮ ማካፈል ለምን አይቻልም?» የሚለውን ጥያቄ፣ «ክልክል ነው» ሳንል በአምስት መስመር እንመልስ። በዜሮ ተባዝቶ ስድስት የሚሆን ቍጥር መፈለግ መሆኑን ጽፈን ከደረስንበት፣ መንገዱ ገብቶናል ማለት ነው። ለክረምት ወደየአገራችን ስንመለስም ታናናሾቻችንን «መልሱ ስንት ነው?» ብለን ብቻ አንተዋቸው፤ «እንዴት ዐወቅህ? እንዴት ዐወቅሽ? እስቲ ጻፉልን» እንበላቸው።