ደብተሩን ሳያነቡ ሶፍትዌር አይግዙ

ጥያቄ፦ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለን። ፒችትሪን የምትጠቀመው ሒሳብ ሠራተኛዋ ብቻ ናት፤ የመጋዘኑ ልጅ ዛሬም በደብተር ይጽፋል። ሌላ ሶፍትዌር እንግዛ?

መልስ፦ መጀመሪያ ከልጁ ጋር ተቀምጠው ያንን ደብተር ያንብቡ። ብረት በኪሎ ገብቶ በቤርጋ ሲወጣ እንዴት እንደሚመዘግበው፣ በዱቤ የወሰደን ደንበኛ የት እንደሚጽፍ ይጠይቁት። የሚፈልጉት ሶፍትዌር መልኩ እዚያ ነው ያለው። ፒችትሪ ከመነሻው የሒሳብ ሶፍትዌር ነው፤ ልጁ ቢሸሸው አልፈርድበትም። ኦዱና ኢአርፒኔክስት የተባሉት ሶፍትዌሮች ግዢን፣ ክምችትንና ሽያጭን ያያይዛሉ፤ መለኪያ ይቀይራሉ፤ ቅጾቻቸውም እንደ ሥራው ይስተካከላሉ። ሻጩ በሚያሳይዎት ናሙና ብቻ ግን አይወስኑ፤ ልጁ ራሱ የአንድ ቀን ገቢና ወጪ ዕቃ በስልኩ ይመዝግብበት። ሶፍትዌሩ የሒሳብ ዓመትዎን ከሐምሌ 1 ማስጀመር መቻሉንም ያረጋግጡ።