ዳገት የለመደ ልብ

ከዳባት ገበያ የሚመለሱ እናት የእህል ቋጠሮ አዝለው ዳገቱን ሲያያዙት፣ ከኋላቸው የሚከተለው የከተማ ልጅ ሦስት ጊዜ ይቀመጣል። እሳቸው ወሬያቸውን አያቋርጡም፤ እሱ ያለከልካል። ልጁ እኔ ነበርኩ።

በስሜን ሰው ትንፋሽ የሩቅ አገር ተመራማሪዎችም ሳይቀሩ ተደንቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው አምባራስ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሯል። በአንዲስ ተራሮች ላይ የሚኖር ሰው በዚያ ከፍታ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢኑ ይጨምራል፤ የቲቤቱ ደግሞ በደሙ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል። የአምባራስ ሰው ግን ሁለቱም ልኬቶቹ ከባሕር ዳርቻ ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ጉልበት ያለን ሰዎች ስለ ደም ሥር መጠጠር ምን አገባን? ያገባናል!

ጠፍርን አስቡ። ቅቤ የጠገበ ጠፍር እንደፈለጋችሁ ይታጠፋል፤ ፀሐይ ላይ የተረሳ ግን ይደርቅና ይሰነጠቃል። ልብ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ስትመታ ደም ሥር በየምቱ ተለጥጦ ይመለሳል። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራና የኮሌስትሮል መብዛት የውስጥ ግድግዳውን ያቆስሉታል። ቁስሉ ዓመታት ሲቆይ ከግድግዳው ሕዋሳት ገሚሱ ይሞታሉ፣ ገሚሱ የአጥንት ሠሪ ጠባይ ያመጣሉ፤ ካልሲየምም እዚያው ይጋገራል። ኩላሊት ከታመመ ደግሞ ነገሩ ይፈጥናል። የደረቀ ደም ሥር አይለጠጥምና የላይኛው የግፊት ቁጥር ያሻቅባል፤ የልብ ድካም፣ የልብ ድንገተኛ ሕመምና ስትሮክ በዚያው መንገድ ይመጣሉ። (ወተት የሚያቆም ካለ አያቁም! የሚጋገረው ካልሲየም ከጽዋው አይደለም፤ ከቁስሉ ነው።)

አሁን የምሥራቹን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት የቦሊቪያ ጫካ ውስጥ የሚኖሩ ቺማኔ የተባሉ ገበሬዎችና አዳኞች ልብ በራጅ መሣሪያ ታየ። ከ705 ጎልማሶችና አዛውንት 85 በመቶው በልባቸው ደም ሥር ላይ ምንም ካልሲየም አልተገኘባቸውም። ሌት ተቀን መድኃኒት የሚውጡ እንዳይመስላችሁ። ሲያርሱ፣ ሲያድኑ፣ ሲራመዱ ይውላሉ፤ ማዕዳቸው ያልተፈተገ እህልና ከጫካው የሚገኝ ነው። ዳገቱ፣ በሶው፣ የባቄላ ሽሮው፣ የገብስ ቆሎው እኛም ቤት አለ! ደባርቅ ገብተው ባጃጅ የለመዱ ወጣቶች ግን ይህን ሀብት በጥቂት ብር እየሸጡት ነው፤ እኔ በበኩሌ ውድ ሽያጭ አልለውም።

ይሁን እንጂ እግር ብቻውን አያድንም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጎንደር ከተማና በዳባት ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ግፊት ለክተው ነበር። ከአራቱ ከአንድ የሚበልጠው ግፊት ነበረበት፤ ገጠሩም ከከተማው ብዙም አልራቀም። እኔ ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ዳገት የሚወጣው ሰው ግፊት አለበት? አለበት። ጨው በወጥ፣ ጨው በቡና፣ ማታ አረቄ፤ ግፊት ደግሞ አያምም፣ አይጮኽም። ስለዚህ ቡናውን ያለ ጨው መሞከር የዛሬ ሥራ ነው። መጀመሪያ ይከብዳል፤ እያደር ምላስ ይለምዳል።

ልጆቻችንን ልብ በሉ ደግሞ። ካልሲየም የሚጋገረው በደም ሥር ብቻ ሳይሆን ደም በሚያሳልፈው የልብ በር (ቫልቭ) ላይም ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ በሩን የሚያበላሸው እርጅና ብቻ አይደለም። የጉሮሮ ቁስል በወጉ ሳይታከም ሲመላለስ፣ የሰውነት መከላከያ ጀርሙን ትቶ የገዛ ልቡን ይወጋል። ትኩሳት ይመጣል፣ መገጣጠሚያ ያብጣል፤ ይድናል ተብሎ ይረሳል። በሩ ግን ይጠባሰሳል፣ ይጣበቃል፣ ዓመታት ሲቆጠሩ ካልሲየም ይለብሳል። ልብ ከዚያ ወዲያ ሊማሊሞን በአንደኛ ማርሽ እንደምትወጣ የተጫነች አይሱዙ ናት። “እንጥሉ ወርዶበታል” ብሎ ማስቆረጥ ይህን አያስቀርም፤ ጤና ጣቢያ ያለው ፔኒሲሊን ግን ያስቀራል። ልቡ የተነካ ልጅም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መርፌውን ካላቋረጠ ጉዳቱ እንዳይብስ ይጠበቃል። የተበላሸን በር መጠገን ወይም መቀየር ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ደጃፍ ተራ የሚጠብቁት ብዙ ናቸው። ከደባርቅ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ ከመጀመር በፊት የጉሮሮን ሕመም በሰፈር መጨረስ ይሻላል፤ ርካሽም ነው።

አምና ሳያርፉ ይወጡት የነበረውን ዳገት ዘንድሮ ሁለቴ ቆመው የሚወጡ አባት ካሉ፣ “እርጅና ነው” ብላችሁ አትለፏቸው። ዳገት ላይ የሚያጥር ትንፋሽ፣ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት የጠበበ የልብ በር ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። የደነደነን በር የሚያለሰልስ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም፤ በጊዜ ከታየ ግን በሩ ይቀየራል፣ ሰውየውም ወደ ማሳው ይመለሳል።

እንግዲህ በሚቀጥለው የገበያ ቀን፣ በጉን ከመሸጣችሁ ወይም ጤፉን ከመሸመታችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ጎራ በሉ። ክንዳችሁን ስጡ። ቁጥሩ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሳትደነግጡ ባለሙያው የሚላችሁን ስሙ፤ መድኃኒት ከተሰጣችሁም “ተሽሎኛል” ብላችሁ አታቁሙ። እናታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።