ማሙሽ፣ ደጋ ደጋውን ሂድ

ማሙሽዬ፣ ድንኳኑን ከመጫንህ በፊት እስቲ ያን ካርታ ወዲህ በለው። ለቅዳሜው መድረክ ከሎስ አንጀለስ ዳላስ በ10 ቁጥር አውራ ጎዳና ልትሄድ ነው አይደል? ያቋርጣል፣ አውቃለሁ። ግን ያ መንገድ በፊኒክስ በኩል ቆላ ለቆላ የሚሄድ ነው። ፊኒክስ እ.ኤ.አ. በ2023 ሰመር ለ31 ተከታታይ ቀናት ሙቀቱ በየቀኑ 110 ፋራናይት፣ ማለትም 43 ሴልሺየስ፣ ደርሶ ወይም አልፎ ነበር። ሌሊቱም አላበረደም። ሆቴል ለሚያድር ሰው ይህ ብዙም አያሳስብም። ድንኳን ውስጥ የሚያድር ሰው ግን እንቅልፍ ሳይወስደው ይነጋና በማግስቱ ያንኑ ፀሐይ መሪ ጨብጦ ይጋፈጠዋል።

በ40 ቁጥር ሂድ። ረቡዕ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከተነሣህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ኒድልስ ላይ የኮሎራዶን ወንዝ ትሻገራለህ። ኒድልስ ቀን ላይ ከፊኒክስ አይሻልም፣ ለዚህ ነው በጠዋት እለፈው የምልህ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይወጣል፤ በየ1,000 ሜትሩም አየሩ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። ፍላግስታፍ 2,100 ሜትር ላይ ነው፣ አዲስ አበባን ለማከል ትንሽ ነው የሚቀረው። ዙሪያው የጥድ ደን ነው፣ በሐምሌም ቢሆን ሌሊቱ ጋቢ ያስለብሳል። ረቡዕ እዚያ፣ ሐሙስ ሳንታ ፌ እደር፤ ከአውራ ጎዳናው አንድ ሰዓት ያህል ያስወጣሃል እንጂ እሷም ደጋ ናት። ከአማሪሎ በታች ግን ደጋ የሚባል የለም። ዓርብ ማታ ዳላስ ስትገባ ድንኳኑን እርሳውና ሆቴል ያዝ፣ ከጎደለህ እኔ እጨምርልሃለሁ።

ይህን ሁሉ የምልህ የዚህን ጉዞ ብቻ አስቤ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ያለው የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽናችን ዝግጅት እንኳ በየዓመቱ ከተማ እየቀያየረ የሚውለው ጁላይ 4 ሰሞን ነው። የእኛ ሙዚቀኛ ሥራ የሚበዛለት ሙቀቱ ሲብስ ነውና መንገድህን በማይል ሳይሆን በከፍታ መምረጥ ልመድ።

ፍላግስታፍ አካባቢ ያለው ደን የመንግሥት ስለሆነ ብዙ ቦታ ላይ በነፃ ማደር ይፈቀዳል። እሳት ግን በሰመር ብዙ ጊዜ ክልክል ነው። ከሰል አቀጣጥዬ ቡና አፈላለሁ እንዳትል፤ በትንሿ የጋዝ ምድጃም ቢሆን የደን ጠባቂዎቹን አስቀድመህ ጠይቅ።

ደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን እንዳትተክል። አሸዋው ለጥ ያለ ነው፣ ለጀርባም ይመቻል፣ ለዚያ ነው የሚያጓጓው። አሪዞና በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ተራራው ላይ ይወርድና ጎርፉ አንተ ጠብታ እንኳ ሳታይ ይመጣብሃል። ደቻቱን አስታውስ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ድሬዳዋ ላይ ከሁለት መቶ በላይ ሰው የወሰደው ያ አዘውትሮ ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ ነው።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ከአራት ሊትር ያላነሰ ጫን፣ ጥማትን ሳትጠብቅ ጠጣ። ላብ ጨውህን ይዞት ስለሚወጣ በሶውን ጨው ጣል አድርገህ በጥብጠው። አብሮህ የሚሄደው ልጅ ነገር ከዘባረቀ ወይም ከተንገዳገደ «ደክሞት ነው» ብለህ አትለፈው። 911 ደውል፣ ጥላ ውስጥ አስገባው፣ ልብሱን አውልቀህ ውሃ እያርከፈከፍክ አራግብለት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጠው።

አሁን ወደ ማሲንቆህ ልምጣ፣ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። መስኮቱ የተዘጋ መኪና ፀሐይ ላይ ሲቆም በ10 ደቂቃ ብቻ 20 ፋራናይት ያህል ይጨምራል። ደረቁ ሙቀት የፍየል ቆዳውን ይወጥረዋል፣ ጭራውንም ያሳጥረዋል። እንደተቃኘ ከተውከው ሁለቱም ባንድነት ይሳሳቡና ቆዳው ከጠርዙ ሊላቀቅ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ተጫውተህ ስትጨርስ ጭራውን አላላው፣ የደጋኑንም እንደዚያው። ነጠላ ጠቅልልበትና በሄድክበት ይዘኸው ውረድ፣ ምሳ ስትበላም ቢሆን። ጭራውን የምትቀባበትን ሙጫ ለብቻው በቆርቆሮ አድርገው፤ ከቀለጠ ቆዳው ላይ ይፈስና መቼም አይለቅም። ዳላስ ደግሞ ሌላ አየር ነው። እርጥበት ስላለው ቆዳው ይረግባል፣ ድምፁም ይታፈናል። ቅዳሜ መድረክ ከመውጣትህ ሁለት ሰዓት ቀድመህ አዳራሹ ውስጥ ከነጠላው አውጣው፣ አየሩን ይልመድ፣ ከዚያ ቃኘው። ሆቴል ቃኝተኸው ብትመጣ ያው እንደገና ነው።

ያን የበረዶ ሳጥን ወደ ኋላ ግፋው። ማሲንቆው ከሾፌሩ ወንበር በስተጀርባ፣ ታች ወለሉ ላይ ይሁን።